ክሩ ሳይበጠስ፤ ስለ አሮጌ የቪድዮ ካሴቶች አጠባበቅና ስለ ቅጂ መብት



አባቶቻችን ያዩትንና የሰሙትን ለልጅ ልጅ ለማቆየት ሲሉ በደንጊያ ቀርጸዋል፤ በብራና ጽፈዋል። ለዚህም ሩቅ ሳንሄድ የከተማችን የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ሕንጻ በቂ ምስክር ነው። በአገራችን አፈ ታሪክ የቦታው ጅማሬ ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን ይቈጠራል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ደግሞ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርተውበት ነበር። ያም ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አሕመድ ዘመን ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመንም እንደገና ተሠራ። ዛሬ ቆሞ የምናየው ግድግዳ ከነሐረጉ እሳቱንም ዝናሙንም አሳልፎ ከእኛ ዘመን ደርሷል።

እንግዲህ ደንጊያው ይህን ያህል ሲቆይ፥ በእኛው ዘመን በተሠራ ዕቃ ላይ የተቀረጸ ድምፅና ምስል ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሊጠፋ ይችላል ብል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። እኔም ተደንቄአለሁ። የተደነቅሁበትንም ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

ካርቶኑ እንዴት ተገኘ?

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እኛ የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባሎች የመጻሕፍቱን ዕቃ ቤት ስናጸዳ፥ ከአሮጌ መማሪያ መጻሕፍት ክምር ሥር በገመድ የታሰረ አንድ ካርቶን አገኘን። ፈትተን ብናየው 14 የቪድዮ ካሴቶች ነበሩበት። በጀርባቸው በእስክርቢቶ ከተጻፈው እንደ ተረዳነው፥ 5ቱ የትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል የተቀረጸባቸው፥ 4ቱ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቀዱ ዝግጅቶች፥ 3ቱ ከገበያ የተገዙ የአማርኛ ፊልሞች ሲሆኑ፥ 2ቱ ግን ምንም ጽሑፍ አልነበረባቸውም።

ከአምስቱ በአንደኛው ላይ «የወላጆች በዓል፤ ሰኔ 1995 ዓ.ም.» የሚል ተጽፎበታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ዓመት በዚያ በዓል ላይ፥ አባቴ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፥ ራሱ የጻፈውን ግጥም በወላጆች ፊት እንዳነበበ እናቴ ደጋግማ ነግራኝ ነበርና። ያን ጊዜ ዕድሜው እንደ እኔ እንደ ዛሬው 18 ዓመት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሲሞት እኔ የ3 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በቤታችን ሁለት ፎቶግራፎቹ አሉ፤ ድምፁን ግን አላስታውሰውም።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሆኑት መምህራችን «ቆዩ፤ አስቀድመን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» ብለውን ነበር። እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ። ከጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ዱሮ ቪድዮ ቤት ነበራቸው፤ ዴካቸውንም በላስቲክ ጠቅልለው እንዳስቀመጡት አውቃለሁ። ስለዚህ ማንንም ሳላስፈቅድ ካሴቱን በነጠላዬ ሸፍኜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድሁ።

«ጋሼ፥ እባክዎን አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፥ ይህ ዴክ ከተከፈተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ብቻ እንሞክረው» አሉኝ።

በመጀመሪያ መስኮቱን የሞላው በረዶ የሚመስል ነጭ ነጥብ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ታየ፤ ሸማ የለበሱ ወላጆች በአግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አስተዋዋቂው የአባቴን ስም ከነአባቱ ስም ጠራ። አንድ ቀጭን ልጅ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ዘረጋው፤ ቀና አለ። በዚህ ጊዜ ዴኩ እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ፤ ምስሉም ተቆራረጠና ጠፋ። እኔ ካሴቱን ለማውጣት ስሮጥ ሽማግሌው ገመዱን ከሶኬቱ ነቅለው «አትጎትቺው! ክሩ ይበጠሳል!» ብለው እጄን ያዙኝ። ክዳኑን በካቻቪቴ ፈትተው፥ መንኰራኵሩን በጣታቸው እያዞሩ ክሩን በብዙ ድካም አላቀቁት። ሳይበጠስ ወጣ፤ ነገር ግን አንድ ስንዝር ያህሉ ተጨማትሮ ነበር። በዴኩም ውስጥ ቡናማ ዱቄት ተነስንሶ አየን። አባቴ አፉን ሳይከፍት ቀረ።

ሰኞ ጧት ሄጄ ጥፋቴን ለመምህራችን ተናዘዝሁ። እርሳቸውም አልተቈጡኝም፤ «ጥፋትሽን ማረም ከፈለግሽ፥ ነገሩን አጥንተሽ ሌላው እንዳያጠፋ በመጽሔታችን ጻፊ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ መክፈያ ነው።

ካሴት ምንድን ነው?

በየቤታችን የነበረው የቪድዮ ካሴት ቪ.ኤች.ኤስ. የሚባለው ዓይነት ነው። ይህንንም ጄ.ቪ.ሲ. የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ለገበያ አወጣው። በውስጡ በሁለት ጥቅል ላይ የተጠመጠመ ክር አለ፤ ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የሦስት ሰዓቱ ካሴት ክር ቢዘረጋ 258 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ክሩ በሁለት ነገር ተደራርቦ የተሠራ ነው። ከታች ያለው ፖሊስተር የተባለ ቀጭንና ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ከላዩም በማግኔት ኃይል የሚሠራ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ ተቀብቶበታል። የአገራችን ጸሐፊ ጥላሸትን በሙጫ አዋሕዶ ቀለም እንደሚያደርገውና በብራናው ላይ እንደሚያጣብቀው ማለት ነው። በብራናው ላይ ፊደሉ ቀለሙ ነው፤ በካሴቱ ላይ ደግሞ ፊደሉ የዱቄቱ ማግኔትነት ነው። ሙጫው ከለቀቀ ግን ብራናውም ክሩም ባዶ ይቀራል።

በዴኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ከበሮ አለ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዐት ከበሮው በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። በከበሮው ላይ ያሉት «ሄድ» የሚባሉት ጫፎች ክሩን ሰያፍ እየቆረጡ፥ እጅግ ቀጭን በሆኑ መስመሮች ላይ የተጻፈውን ማግኔት ያነባሉ። ክሩ ራሱ የሚጓዘው በሴኮንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣት ስፋት ላይ የአንድ ሴኮንድ ያህል ሕይወት አለ ማለት ይቻላል። እኔ ያጨማተርሁት ያ አንድ ስንዝር እንግዲህ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴኮንድ ያህል ነው።

የሚበላሽበት ምክንያት

የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህሮቻችን እንዳስረዱኝ የካሴት ጠላቶች ብዙዎች ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው።

አንደኛው እርጥበት ነው። ዱቄቱን የያዘው ሙጫ ከአየሩ ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። በአንዳንድ ዓይነት ክር ላይ እንደ ማር ይጣበቃል፤ በሌላው ላይ ደግሞ ዱቄቱ ይረግፋል። በደጋ አገር በክረምት ወራት ልብሳችንና ጫማችን ሻጋታ እንደሚያበቅል ሁሉ፥ ካሴትም ያበቅላል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት በሚዞረው ከበሮና በክሩ መካከል ስትገባ እንደ ደንጊያ ትፍቃለች። ሦስተኛው ማግኔት ነው። ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ወይም ከሞተር አጠገብ የተቀመጠ ካሴት ጽሑፉ ሊደበዝዝ ይችላል። አራተኛው ራሱ ማየቱ ነው፤ ካሴት በታየ ቁጥር ጥቂት ይሟሽሻል።

አምስተኛውና የሚያሳስበው ግን የዴኩ መጥፋት ነው። ካሴት ያለ ዴክ ምንም አይደለም። መጽሐፍ ቢያንስ በዓይን ይነበባል፤ ካሴትን ግን በፀሐይ ብርሃን ቢዘረጉት ጥቁር ክር ብቻ ነው። የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ታላቅ ኩባንያ፥ ፉናይ የተባለው የጃፓን ድርጅት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በሐምሌ ወር ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ዴክ ሲሰበር መለወጫ ዕቃው የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ዴክ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበርም በ2019 ባስታወቁት ማስጠንቀቂያ፥ ክሮቹን የማንበቢያው ዕድል በብዙ ቦታ በ2025 ገደማ እንደሚያበቃ ተናግረው ነበር። ያ ዓመት ደርሶብናል።

በዓለምና በአገራችን የሆነው

ይህ ችግር የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን ሲረግጡ ከዚያ የመጣው ምስል በጥራቱ የተቀዳባቸው የማግኔት ክሮች የት ገቡ ተብሎ ቢፈለጉ፥ ሌላ ነገር እንዲቀዳባቸው ተደምስሰው ሳይሆን እንዳልቀሩ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2009 አስታወቀ። ደግነቱ በየቴሌቪዥን ጣቢያው የተቀዱ ሌሎች ቅጂዎች ስለ ነበሩ ዓለም ያንን ምስል ዛሬም ያያል። ከዚህም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የዳነው ብዙ ቅጂ ስለ ነበረው ነው።

ግን ቅጂ ማድረግ ራሱ ክርክር ያስነሣል። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከነሐሴ 5 ቀን 1968 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የየማታውን የቴሌቪዥን ዜና እየቀዳ ለተመራማሪዎች ማስቀመጥ ጀመረ። በ1973 ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «ሥራዬን ያለ ፈቃዴ ቀዳችሁ» ብሎ ከሰሰ። በ1976 የወጣው የአሜሪካ የደራሲ መብት ሕግ ግን ቤተ መጻሕፍት ዜናን ቀድተው ለማስቀመጥና ለማዋስ እንዲችሉ ስለ ፈቀደ ክሱ ቀረ። ሕጉ ለባለቤቱም ለቤተ መጻሕፍቱም ቦታ አገኘላቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ቅርስን በቅጂ ማዳን እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፥ አንዱ ቅጂ በአገር ውስጥ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በዚህ ዐይነት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ለማውጫቸውም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ደክመውበታል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ባለ ቀለም የሆነውም በ1977 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት የተነገረውና የታየው ሁሉ በአንድ ወቅት በማግኔት ክር ወይም በፊልም ላይ ነበረ። ከእነዚህ ሁሉ ለጎጃም ሰው እጅግ የቀረበውን ምሳሌ ላንሣ። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉትንና በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ተረከው። ደራሲውም ተራኪውም ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን ክሩ በመጠበቁና በመቀዳቱ፥ ከእነርሱ በኋላ የተወለድን እኛ ያንን ድምፅ ሰምተን እንስቃለን፤ እናዝናለን። ክሩ ባይቀዳ ኖሮ ስለ ወጋየሁ ድምፅ የምናውቀው ታላላቆቻችን የሚነግሩንን ብቻ ይሆን ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የካርቶኑ ወሬ በክፍላችን በተሰማ ጊዜ ብዙዎቻችን «ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን በቴሌግራም እንበትነው፤ ያን ጊዜ አይጠፋም» አልን። መምህራችን ግን «ሌላ ሰው የደከመበትን ለመበተን ማን ፈቀደልን?» ብለው ከለከሉን። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት ተናድጄባቸው ነበር። ሊጠፋ በቀረበ ነገር ላይ ፈቃድ መጠየቅ፥ ቤት ሲቃጠል የቤቱን ባለቤት ፈልጎ «ውሃ ላፍስስበት ወይ?» እንደ ማለት መሰለኝ። አዋጁን ካነበብሁ በኋላ ግን፥ ውሃ ማፍሰስና የቤቱን ዕቃ ማከፋፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተረዳሁ።

በአገራችን የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት «የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996» ነው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድን ሥራ ማባዛት፥ ማሰራጨትና ለሕዝብ ማቅረብ የሥራው ባለመብት ሥልጣን ነው። መብቱም ለዘለዓለም አይደለም። የደራሲ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ከሞቱም በኋላ ወራሾቹ ይይዙታል። ለምሳሌ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ የመጽሐፋቸው መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ይቆያል። የፊልምና የቪድዮ ሥራ ደግሞ ለ50 ዓመት፥ የብሮድካስት ድርጅት በራሱ ሥርጭት ላይ ያለው መብት ለ20 ዓመት ይጠበቃል።

ታዲያ ቤተ መጻሕፍት ምን ማድረግ ይችላል? የአዋጁ 12ኛ አንቀጽ ለዚህ በር ከፍቶለታል። ለትርፍ የማይሠራ ቤተ መጻሕፍት፥ ቤተ መዛግብት ወይም ሙዚየም አንድን ሥራ ለመጠበቅ፥ ወይም የጠፋውን፥ የተበላሸውንና የማያገለግለውን ለመተካት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሊቀዳ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለት ማሰሪያዎች አሉበት። የመጀመሪያው ያንኑ ቅጂ በአግባብ ከገበያ ማግኘት የማይቻል መሆን አለበት። ሁለተኛውም መቅዳቱ እንደ ንግድ የሚደጋገም ሳይሆን ለየብቻ የሚደረግ መሆን አለበት። የአሜሪካም ሕግ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ማንበቢያ መሣሪያው ከገበያ የጠፋበትን ሥራ፥ አዲስ ቅጂ በተገቢ ዋጋ ፈልጎ ያጣ ቤተ መጻሕፍት እስከ 3 ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ በኮምፒዩተር የተቀዳውን ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ቅጥር ውጭ እንዲያወጣ አይፈቅድም።

በአጭሩ ለማዳን መቅዳትና ለመበተን መቅዳት አንድ አይደሉም። ፊልም ሠሪው ገንዘቡንና ዕድሜውን አፍስሶ የሠራውን በነጻ ብንበትንበት፥ ሁለተኛውን ፊልም የሚሠራበትን እጁን እንደ መቁረጥ ነው። ደግሞም ሕጉን ሰበብ አድርገን ካሴቱን በካርቶን ውስጥ እንዲበሰብስ ብንተወው፥ የደራሲውን ሥራ ራሱን ገደልነው። ሥራው ከጠፋ መብቱ በምን ላይ ያርፋል?

ሕጉ በእኛ ካርቶን ላይ ሲሠራ

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ከመምህራችን ጋር ሆነን 14ቱን ካሴቶች በአራት ክፍል ለየናቸው።

ከገበያ የተገዙትን 3 ፊልሞች በሚመለከት፥ አስቀድመን በሲዲ ወይም በሌላ መንገድ በሽያጭ ላይ መኖራቸውን እንጠይቃለን። ካሉ እንገዛለን፤ ከሌሉና ካሴቱ ከተበላሸ ለቤተ መጻሕፍታችን ብቻ እንቀዳለን።

ከቴሌቪዥን የተቀዱት 4ቱ ከባድ ናቸው። የጣቢያው የሥርጭት መብት 20 ዓመት ቢያልፈውም፥ በውስጡ ያሉት ድራማና ዘፈኖች የየራሳቸው ባለመብት አላቸው። ስለዚህ ለመጠበቅ ብንቀዳቸውም ወደ ውጭ አናወጣቸውም፤ ለጣቢያው ግን «ይህ በእጃችን አለ» ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። ማን ያውቃል፤ እነርሱ የሌላቸው ሊሆን ይችላል።

የወላጆች በዓል የተቀረጸባቸውን 5ቱን ያሠራው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሌላ ውል ከሌለም የምስሉ መብት የአሠሪው ነው። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የተነበበው ግጥምና የታየው ተውኔት የጸሐፊዎቹ ነው። ጽሑፍ የሌለባቸውን 2ቱን ግን፥ ምን እንደያዙ እስክናውቅ ድረስ እንደ ባለቤት ያለው ሰው ዕቃ እንጠብቃቸዋለን።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የ1995ቱ ግጥም ባለመብት አባቴ ነው። እርሱ ከሞተ ደግሞ ባለመብቶቹ እናቴና እኔ ነን ማለት ነው። ማታ እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ አጫወትኋት።

«እማ፥ አባዬ ያነበበውን ግጥም ለመቅዳትና ለሰው ለማሰማት የአንቺን ፈቃድ ይጠይቃሉ» አልኋት።

ጀበናውን አስቀመጠችና «ልጄ፥ የሞተ ሰው ደግሞ መብት አለው እንዴ?» አለችኝ።

«አለው። እስከ 2053 ዓ.ም. አለው፤ ያን የምንጠብቅለት እኛ ነን» አልኋት።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ «ያን ወረቀት አምጪው» አለችኝ። በማግሥቱ ከመምህራችን ባመጣሁት የፈቃድ ወረቀት ላይ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ሕግ ማለት ለከተማ ሰው ብቻ የተሠራ ሩቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ቤታችን ገብቶ፥ የአባቴን ስም በክብር ጠርቶ የተቀመጠ እንግዳ ሆኖ አየሁት።

ምን እናድርግ?

በቤታችሁ የሠርግ፥ የክርስትና፥ የምረቃ ወይም የተዝካር ካሴት ያላችሁ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጥፋቴ የተማርሁትን እነግራችኋለሁ።

ዴክ ስላገኛችሁ ብቻ ካሴቱን ወዲያው አታስገቡ። አስቀድሞ በማይጠቅም ሌላ ካሴት ዴኩን ሞክሩ፤ ሄዱንም የሚያውቅ ሰው ያጽዳው። በክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ ጨርሶ አታጫውቱት፤ ለባለሙያ አሳዩት። የተጣበቀን ክር በልክ በሆነ ሙቀት አድርቆ ለጊዜው የማዳን ዘዴ አለ፤ ነገር ግን ይህ ልዩ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነውና በምጣድ ወይም በፀሐይ አትሞክሩት።

ካሴቱን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፥ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፥ በደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። በካሴቱ ጀርባ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ እርሷ ከተሰበረች ማንም ተሳስቶ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። በላዩም ምን እንደሆነ፥ መቼ እንደ ተቀረጸና እነማን እንዳሉበት ጻፉ። ስም የሌለው ምስል ከአንድ ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሰው ምስል ነው።

መገልበጡን በሚመለከት ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጠው በሚጫወትበት ሰዓት ልክ ነው። 14ቱ ካሴቶች እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት ቢሞሉ 42 ሰዓት ይፈጃሉ። ዲቪ በሚባለው ጥሩ ዐይነት አቀዳድ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ፥ ሁሉም በድምሩ 546 ጊጋባይት ይሆናሉ። ይህ በአንድ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ተዝናንቶ ይቀመጣል። እንግዲህ የጎደለን ጤነኛ ዴክ፥ ከኮምፒዩተር የሚያገናኝ አንድ መሣሪያ፥ ሁለት ዲስክና የ42 ሰዓት ትዕግሥት ነው። ሁለት ዲስክ ያልሁትም ስለ ጨረቃው ክር የነገርኋችሁን አስቤ ነው፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፥ ሁለተኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ። ዲስክም ይሞታልና በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፤ በየቤታችሁ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ዴክ ካለ፥ ቢሠራም ባይሠራም ለክበባችን አውሱን። ከአምስቱ በዓላት በአንዱ መድረክ ላይ ወጥታችሁ ግጥም ያነበባችሁ ወይም ተውኔት የሠራችሁ ካላችሁም፥ መጥታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ፈቃዳችሁንም ስጡን። የሞቱትንም ስም ንገሩን።

መደምደሚያ

ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ የ1995ቱ ካሴት አልተገለበጠም። የተጨማተረው ስንዝር በቀስታ ተስተካክሎ ቆሞ ተቀምጧል፤ የእናቴም የፈቃድ ወረቀት በመዝገቡ ውስጥ አለ። በክሩ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ወረቀቱን ዘርግቶ፥ ቀና ብሎ ሊናገር ቆሟል። ከ20 ዓመት በላይ እንዲሁ ቆሞ ጠብቋል፤ እኔም በችኰላ አንድ ጊዜ ያቋረጥሁት ይበቃኛልና ጤነኛ ዴክ እስኪገኝ ድረስ እታገሣለሁ። ዴኩ ግን ሳይዘገይ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ብታገሥም ክሩ አይታገሥምና።